መርፌው የሚያርፍበት ስብ፦ ኢንሱሊን በስብ ሕዋስ ላይ የሚሠራው ሥራና ለወለጋ የስኳር ሕሙማን ያለው ትርጉም

አኅጽሮት

ኢንሱሊን በይበልጥ የሚታወቀው የደምን ስኳር በማውረዱ ነው። ይኸው ሆርሞን ግን በስብ ሕዋስ ውስጥ ስብ እንዲከማች ያደርጋል፤ የተከማቸውም እንዳይፈርስ ይጠብቃል። ይህ አጭር ጽሑፍ ኢንሱሊን በስብ ሕዋስ ላይ የሚፈጽማቸውን ሦስት ተግባራት፣ ማለትም ማስገባትን፣ መገንባትንና መውጫን መዝጋትን በቅደም ተከተል ያብራራል። ቀጥሎም ኢንሱሊንን አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው በሚወጉ ሕሙማን ቆዳ ሥር የሚያድገው የስብ ጉብታ የእነዚሁ ተግባራት ቀጥተኛ ውጤት መሆኑን ያሳያል። ጉብታው ለደም ስኳር መዋዠቅ፣ ለመድኃኒት ብክነትና ለድንገተኛ የስኳር መውረድ ምክንያት ስለሚሆን፣ ያለምንም መሣሪያ በእጅ ዳሰሳ ሊገኝ የሚችል የሕክምና ችግር ነው። በነቀምቴና በአካባቢዋ ከተሞች ይህን በቀላሉ መመርመርም ሆነ ማጥናት እንደሚቻል በመጨረሻ ይጠቁማል።

መግቢያ

በማንኛውም የስኳር ሕሙማን መከታተያ ክፍል ባለሙያን የሚያስቸግር አንድ ዓይነት ታካሚ አለ። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወጋል፤ ምግቡንም ይጠብቃል። የደሙ ስኳር ግን አንድ ቀን እጅግ ከፍ ይላል፤ በሌላው ቀን ያለምክንያት ይወርዳል። በተለመደው አሠራር በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ታካሚው ራሱ ነው፤ «መድኃኒቱን ዘለሃል» ወይም «ጣፋጭ በልተሃል» ይባላል። ቀጥሎ የሚጠረጠረው መድኃኒቱ ነው፤ በማቀዝቀዣ ባለመቀመጡ ኃይሉን አጥቶ ይሆናል ይባላል። ከዚያም የኢንሱሊኑ መጠን እንዲጨመር ይታዘዛል።

ሁለቱም ጥርጣሬዎች ተገቢ ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ እርሱም ታካሚው ልብሱን ገለጥ አድርጎ መርፌውን የሚወጋበትን ቦታ ካላሳየ በቀር አይታወቅም። ከእምብርት ጎን ወይም ከጭን ላይ የተነሣ፣ ለስላሳ ወይም ጠንከር ያለ፣ ሲነኩት የማያም ጉብታ ነው። በሕክምና ቋንቋ ሊፖሃይፐርትሮፊ ይባላል፤ ትርጉሙም የስብ መግዘፍ እንደ ማለት ነው።

ይህ ጉብታ ለምን እንደሚፈጠር ለመረዳት ኢንሱሊን በስብ ሕዋስ ላይ የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ጉብታው ከዚህ ሥራ ውጭ የሆነ እንግዳ ነገር አይደለም። ኢንሱሊን በመላ አካል ዘንድ በልክ የሚያደርገውን በአንድ ስፍራ ያለልክ ሲያደርገው የሚታይ ነው።

አንድ ማዕድ፣ ሁለት ምንጭ

ሂደቱን ለማስረዳት በወለጋ ከሚታወቅ ማዕድ መነሣት ይቻላል። አንጮቴ በወለጋ ምድር የሚበቅል ሥራ ሥር ሲሆን በተለይ በመስቀል በዓል ተቀቅሎ፣ ቅቤና ቅመም ተጨምሮበት ይቀርባል። ይህን የበላ ሰው ሁለት ዋና የኃይል ምንጮችን በአንድነት ወስዷል። ሥራ ሥሩ ስታርች ነው፤ በአንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ቅቤው ደግሞ በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ካይሎማይክሮን በተባሉ ጥቃቅን የስብ እንክብሎች ተጠቅልሎ በሊምፍ በኩል ወደ ደም ይደርሳል።

የደም ግሉኮስ ከፍ ሲል ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል። ይህ ኢንሱሊን በቀጥታ ወደ መላ አካል አይሰራጭም። በመጀመሪያ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ጉበትም ግማሽ ያህሉን በዚያው ያስቀራል። የተረፈው በደም ዝውውር አማካይነት ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሕዋሳት ይደርሳል። ጤናማ ሰው ምግብ ከበላ በኋላ በደሙ ውስጥ የሚገኘው ኢንሱሊን በአንድ ሊትር ጥቂት መቶ ፒኮሞል ቢሆን ነው። ይህን አኃዝ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንጠይቃለን፤ ወደ መርፌው ጉዳይ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ትእዛዙ እንዴት ይተላለፋል?

ኢንሱሊን ራሱ ወደ ስብ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ሥራ የለም። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለው ተቀባይ ፕሮቲን ኢንሱሊንን ከውጭ ይይዛል፤ በዚህም ምክንያት ወደ ውስጥ የዘለቀው የተቀባዩ ክፍል ይነቃቃል። የነቃው ክፍል ታይሮሲን ካይኔዝ የተባለ የኢንዛይም ጠባይ ስላለው በአጠገቡ ባሉ ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት ያኖራል። ከዚያም ፒአይ3 ካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ይነሣሣል፤ እርሱም በተራው ኤኬቲ ለተባለው ኢንዛይም መንገድ ይከፍታል።

ኤኬቲ የዚህ ሰንሰለት መገናኛ ነው። ከእርሱ የሚነሡት ቅርንጫፎች ወደ ልዩ ልዩ የሕዋሱ ክፍሎች ስለሚዘረጉ፣ አንድ ሆርሞን በአንድ ጊዜ በርካታ ሥራዎችን ሊያዝ ይችላል። ለስብ ክምችት ወሳኝ የሆኑት ሥራዎች በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ማስገባት

በዕረፍት ላይ ባለ የስብ ሕዋስ ውስጥ ግሉት-4 የተባሉ የግሉኮስ አስተላላፊ ፕሮቲኖች በአመዛኙ በሕዋሱ ውስጥ ባሉ ትናንሽ ከረጢቶች ተከማችተው ይቆያሉ። ኤኬቲ ሲነቃ እነዚህን ከረጢቶች የሚያግደው ፕሮቲን ይገታል፤ ከረጢቶቹም ወደ ሕዋሱ ሽፋን ሄደው ይዋሐዳሉ። አስተላላፊዎቹ በሽፋኑ ላይ ሲበዙ ግሉኮስ ወደ ውስጥ የሚገባበት ፍጥነት ይጨምራል።

በሌላ በኩል ከቅቤው የመጣው ስብ በካይሎማይክሮን ውስጥ ተጠቅልሎ እንዳለ ወደ ሕዋስ ሊገባ አይችልም። በስብ ሕዋሳት አካባቢ ባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጠኛ ገጽ ላይ ሊፖፕሮቲን ላይፔዝ የተባለ ኢንዛይም አለ። ይህ ኢንዛይም በካይሎማይክሮን ውስጥ ያለውን ትራይግሊሰራይድ ሰባብሮ የቅባት አሲዶችን ያወጣል፤ እነዚህም ወደ ስብ ሕዋሱ ይገባሉ። ኢንሱሊን የዚህን ኢንዛይም ሥራ በስብ አካባቢ ከፍ ያደርጋል፤ በጡንቻ አካባቢ ግን ዝቅ ያደርገዋል። በመሆኑም ምግብ ከተበላ በኋላ ስቡ ወደ ጡንቻ ከመሄድ ይልቅ ወደ ክምችት ያዘነብላል።

ሁለተኛው ሥራ፦ መገንባት

በስብ ሕዋስ ውስጥ የሚከማቸው ስብ ትራይግሊሰራይድ ነው። አንድ ትራይግሊሰራይድ በአንድ የግሊሰሮል አካል ላይ የታሰሩ ሦስት የቅባት አሲዶች ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነጥብ አለ። የስብ ሕዋስ ነፃ ግሊሰሮልን መልሶ ለመጠቀም የሚያስችለው ኢንዛይም በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገውን ግሊሰሮል-3-ፎስፌት በአመዛኙ ከግሉኮስ መሥራት አለበት። በሌላ አነጋገር፣ የቅቤው የቅባት አሲድ በስብ ሕዋስ ውስጥ እንዲከማች የአንጮቴው ግሉኮስ ማሰሪያውን ያቀርባል። ኢንሱሊን ግሉኮስን በማስገባቱ ብቻ የስብ ግንባታ ምሰሶ ይሆናል።

ከዚህ ሌላ ሕዋሱ ግሉኮስን ራሱን ወደ ቅባት አሲድ ሊለውጥ ይችላል። ግሉኮስ ወደ ፓይሩቬት፣ ቀጥሎም በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ወደ አሴታይል ኮኤ ይቀየራል። ይህም በሲትሬት መልክ ከማይቶኮንድሪያ ወጥቶ እንደገና አሴታይል ኮኤ ይሆናል። ከዚያ አሴታይል ኮኤ ካርቦክሲሌዝ የተባለው ኢንዛይም ማሎናይል ኮኤን ይሠራል፤ የቅባት አሲድ ሲንቴዝም ከእርሱ ፓልሚቴት የተባለውን ባለ 16 ካርቦን የቅባት አሲድ ይገነባል። ኢንሱሊን በዚህ መሥመር ላይ ያሉትን ኢንዛይሞች በሁለት መንገድ ይረዳል፦ ያሉትን ወዲያውኑ በማንቃትና በዘረ መል ደረጃ ብዛታቸው እንዲጨምር በማድረግ።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመማሪያ መጻሕፍት ሰፊ ቦታ የሚሰጠው ይህ የግሉኮስ ወደ ቅባት አሲድ መለወጥ በሰው የስብ ሕዋስ ውስጥ የሚኖረው ድርሻ አነስተኛ ነው። እውቀታችን በብዛት የተገኘው ከአይጥ ሕዋሳት በመሆኑ ድርሻው ተጋንኖ ሊታይ ይችላል። በሰው ዘንድ የሚከማቸው ስብ በዋነኛነት ተዘጋጅቶ ከምግብ የመጣ የቅባት አሲድ ነው። ስለዚህ «ኢንሱሊን ስኳርን ወደ ስብ ይቀይራል» የሚለው የተለመደ አባባል ከእውነቱ ጥቂቱን ብቻ ይይዛል።

ሦስተኛው ሥራ፦ መውጫውን መዝጋት

የተገነባ ስብ በዚያው አይቀርም። ሰው ሲጾም፣ ሲደክም ወይም ሲደነግጥ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን በስብ ሕዋስ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን መልእክተኛ ያበዛሉ። ይህ መልእክተኛ ፕሮቲን ካይኔዝ ኤን ያነቃል፤ በስብ ጠብታው ዙሪያ ያለው የመከላከያ ፕሮቲን ይከፈታል፤ ላይፔዝ ኢንዛይሞችም ተራ በተራ ትራይግሊሰራይዱን ያፈርሳሉ። የቅባት አሲዶቹ ወደ ደም ወጥተው ለጡንቻና ለልብ ማገዶ፣ ለጉበት ደግሞ የኬቶን ጥሬ ዕቃ ይሆናሉ።

ኢንሱሊን ይህን በር የሚዘጋው መልእክተኛውን በማጥፋት ነው። ኤኬቲ ፎስፎዳይኤስትሬዝ 3ቢ የተባለውን ኢንዛይም ያነቃል፤ እርሱም ሳይክሊክ ኤኤምፒን ይሰብራል። መልእክተኛው ሲጠፋ ላይፔዞቹ ይረጋጋሉ፤ የስብ መፍረስም ይቆማል።

ከሦስቱ ሥራዎች መካከል ይህኛው ለኢንሱሊን እጅግ ስሜታዊ ነው። ጡንቻ ግሉኮስ በሰፊው እንዲያስገባ ከሚያስፈልገው መጠን እጅግ ባነሰ ኢንሱሊን የስብ መፍረስ ይገታል። በመሆኑም በደም ውስጥ ጥቂት ኢንሱሊን የቀረው ሰው ስኳሩ ከፍ ብሎም ኬቶኑ ላይበዛ ይችላል። ኢንሱሊን ጨርሶ ሲጠፋ ግን በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ስቡ ይቀልጣል፤ ሰውየው ይከሳል፤ ደሙም በኬቶን ምክንያት አሲዳማ ይሆናል።

ይህ ነጥብ ለአገራችን ልዩ ትርጉም አለው። በጎንደርና ለወለጋ በምትቀርበው በጅማ የሚታከሙ የገጠር የስኳር ሕሙማንን የሚመለከትና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው፣ ነገር ግን በአውሮፓ ከሚታወቀው የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር በሽታ ጋር በሚገባ የማይመሳሰሉ ቀጫጫና ድኻ ሕሙማን መኖራቸውን አንሥቶ፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር በሽታ ዳግም እንዲታሰብበት ጠይቆ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1985 በምደባው ውስጥ አካቶት የነበረ ሲሆን በ1999 አውጥቶታል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ደግሞ በ2025 «አምስተኛው ዓይነት» በሚል ስያሜ እውቅና ሰጥቶታል። እንዲህ ያሉ ሕሙማን ስኳራቸው በጣም ከፍ ብሎም ወደ ኬቶን አሲድነት በቀላሉ አለመግባታቸው ሐኪሞችን ሲያስገርም ኖሯል። ከሚቀርቡት ማብራሪያዎች አንዱ የቀረቻቸው ጥቂት ኢንሱሊን የስቡን መውጫ ለመዝጋት ትበቃለች የሚለው ነው።

ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ

እስካሁን የተመለከትነው ከቆሽት ወጥቶ፣ በጉበት አልፎ፣ በደም ተበርዞ ወደ ስብ የሚደርሰውን ኢንሱሊን ነው። በመርፌ የሚሰጠው ኢንሱሊን ግን መንገዱ ሌላ ነው። ከቆዳ ሥር፣ በራሱ በስቡ መካከል ያርፋል። ጉበት በመጨረሻ፣ ስብ በመጀመሪያ ይሆናል።

ልዩነቱን በአኃዝ ማየት ይጠቅማል። በአገራችን የሚሠራበት የብልቃጥ ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ይይዛል። አንድ ዩኒት 6 ናኖሞል ያህል ስለሆነ በአንድ ሊትር 600 ማይክሮሞል ይሆናል ማለት ነው። ቀደም ሲል ከተጠቀሰው በአንድ ሊትር ጥቂት መቶ ፒኮሞል ጋር ሲነጻጸር ይህ ከአንድ ሚሊዮን እጥፍ በላይ ነው። እርግጥ ነው፣ መድኃኒቱ ከተወጋ በኋላ በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ይበረዛል፤ ወደ ደምም ይወሰዳል። ቢሆንም በመርፌው ጫፍ ዙሪያ ያሉት የስብ ሕዋሳት ለሰዓታት የሚያገኙት ኢንሱሊን በተፈጥሮ ከሚያውቁት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

መርፌው በየቀኑ ቦታውን ከቀየረ እያንዳንዱ ስፍራ ለማረፍ ጊዜ ያገኛል። አንድ ቦታ ላይ ጠዋትና ማታ ከተመላለሰ ግን ሦስቱም ሥራዎች በዚያ ስፍራ ያለዕረፍት ይቀጥላሉ፦ ይገባል፣ ይገነባል፣ መውጫውም ተዘግቶ ይቆያል። ሕዋሳቱ በስብ ተሞልተው ይገዝፋሉ። ከጉብታ ላይ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ በታየ ናሙና ሕዋሳቱ በአጠገባቸው ካለው ጤናማ ስብ እጥፍ ያህል ገዝፈው ተገኝተዋል። ተደጋጋሚው የመርፌ ቁስለትም ለዕድገቱ የራሱን አስተዋጽኦ ያደርጋል ተብሎ ይታመናል።

ስብ ኢንሱሊን ያረፈበትን ስፍራ እንደሚከተል የሚያረጋግጡ ሌሎች ማስረጃዎችም አሉ። በሆድ ዕቃ በኩል የኩላሊት እጥበት የሚደረግላቸው አንዳንድ የስኳር ሕሙማን ኢንሱሊኑን ከማጠቢያው ፈሳሽ ጋር ቀላቅለው ሲወስዱ፣ በጉበታቸው ገጽ ላይ፣ ልክ ፈሳሹ በሚነካው በኩል፣ ስብ ሲከማች ታይቷል። ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት ወደ ጉበት በተተከሉላቸው ሰዎች ደግሞ በተተከሉት ሕዋሳት ዙሪያ ብቻ የስብ ክምችት ተመዝግቧል። ቆዳ ሥር ያለው ጉብታና እነዚህ ሁለት ክስተቶች የአንድ ሕግ ሦስት መገለጫዎች ናቸው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ መደናገርን ማስወገድ ያሻል። በቀድሞው ዘመን ከከብትና ከዐሣማ ቆሽት ይወጣ የነበረው፣ በደንብ ያልተጣራው ኢንሱሊን በመርፌው ቦታ ስብን ያጠፋና ጎድጓዳ ያስከትል ነበር። ያ በአመዛኙ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ምላሽ ነበር። የተጣራው የሰው ኢንሱሊን ከመጣ ወዲህ ጎድጓዳው ብርቅ ሆኗል፤ ጉብታው ግን የኢንሱሊኑ የራሱ ሥራ ስለሆነ መድኃኒቱ በመጣራቱ አልጠፋም።

ጉብታው የሚያስከትለው ችግር

ጉብታው የመልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላነጋገረ ነበር። በጉብታ ውስጥ የተወጋ ኢንሱሊን ግን ወደ ደም የሚገባው በዝግታና በማይገመት ሁኔታ ነው። በተመሳሳይ ሰው፣ በተመሳሳይ መጠን አንድ ቀን ብዙ፣ ሌላ ቀን ጥቂት ይገባል። በመግቢያው የተገለጸው የታካሚው ስኳር መዋዠቅ እንዲህ ይፈጠራል።

በስፔን በ430 ኢንሱሊን ወጊ ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል። ከተጠኑት ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ጉብታ ነበራቸው። ጉብታ ካላቸው መካከል 98 በመቶው የመርፌ ቦታ የማይቀይሩ ወይም በትክክል የማይቀይሩ ነበሩ። ምክንያቱ የማይታወቅ የስኳር መውረድ ጉብታ ካላቸው በ39 በመቶው፣ ከሌላቸው ግን በ6 በመቶው ብቻ ታይቷል። አንድን መርፌ ከአምስት ጊዜ በላይ መጠቀም አደጋውን ከፍ አድርጎታል። የቀን የኢንሱሊን መጠን ጉብታ ካላቸው በአማካይ 56፣ ከሌላቸው 41 ዩኒት ነበር። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በሕፃናትና በታዳጊዎች ላይ ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናትም ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ በመርፌ ቦታ የስብ ለውጥ ማግኘቱን ዘግቧል። ስለዚህ ችግሩ የሩቅ አገር ብቻ አይደለም።

የ15 ዩኒቱ ልዩነት ትንሽ ሊመስል ይችላል። በዓመት ሲባዛ 5,475 ዩኒት ይሆናል፤ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ስለሚይዝ ከአምስት ብልቃጥ በላይ ማለት ነው። መድኃኒቱን ለመውሰድ ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ወደ ከተማ ለሚጓዝ ሰው አምስት ብልቃጥ ቀላል ነገር አይደለም።

ከወጪው የከፋ አደጋም አለ። ከጊምቢ ገጠር የመጣ አንድ ገበሬ እናስብ። ጠዋት 20 ዩኒት ሁልጊዜ ከእምብርቱ በስተግራ ይወጋል። ስኳሩ አልወርድ ስላለ መጠኑ ወደ 30 ከፍ እንዲል ታዘዘለት። የተጨመረው መድኃኒት ከጉብታው እየተንጠባጠበ ስለሚወጣ ምንም አልሆነም። አንድ ቀን ግን ቦታው ጠነከረበትና መርፌውን ወደ ጭኑ አዛወረው። በጭኑ ያለው ስብ ጤናማ ነው፤ 30ው ዩኒት በሙሉ ወደ ደሙ ገባ። በቆሎ በሚያጭድበት ማሳ ላይ፣ የስኳር መለኪያ በሌለበት፣ ላብ አጥምቆት ወደቀ። ይህ ሰው ትእዛዝ አልጣሰም፤ መድኃኒቱም አልተበላሸም። የተሳሳተው መጠኑ በጉብታ ተለክቶ በጤናማ ቦታ መወጋቱ ነው።

ሕመም አለመኖሩ ችግሩን ያባብሳል። በጉብታው ላይ ያለው ቆዳ የስሜት ጅማቱ ስለሚቀንስ መርፌው እዚያ አያምም። ታካሚው ያንኑ ቦታ የሚመርጠው ስለሚቀለው ነው። በጣም ቀጫጫ በሆነ ሰው ደግሞ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ጥቂት በመሆኑ፣ ጉብታው በሰውነቱ ላይ ብቸኛው ለስላሳ ቦታ ሆኖ ሊታየው ይችላል።

ለነቀምቴና ለአካባቢዋ ምን ማለት ነው?

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ምርመራ ነው። መጠን ከመጨመሩ በፊት የመርፌ ቦታ ሊታይና ሊዳሰስ ይገባል። አንዳንዱ ጉብታ በዓይን አይታይም፤ በጣት ጫፍ ሲዳሰስ ግን ከአካባቢው ይለያል። «አባቴ፣ መርፌውን የት ነው የሚወጉት? እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ» የሚል አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከአንድ የላቦራቶሪ ውጤት ይበልጥ ይናገራል። ጥያቄው በአፋን ኦሮሞ ሲቀርብ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ብዙው ታካሚ ሕመሙን የሚያውቀው «ዺቤ ሱካራ» ብሎ ነውና።

ሁለተኛው ስለ ማስተማር ነው። «ቦታ ቀያይር» የሚል ትእዛዝ ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱ ካልተነገረ ሰው ወደማያምበት ቦታ ይመለሳል። ሆድን በመስቀለኛ መሥመር አራት ቦታ ከፍሎ በየሳምንቱ አንዱን መጠቀም፣ በዚያም ውስጥ ከቀደመው መርፌ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር መራቅ በቀላሉ የሚታወስ ሥርዓት ነው። መርፌ አንድ ጊዜ ብቻ ጥቅም ላይ ቢውል ይመከራል፤ አቅም ባነሰበት ቦታ እንኳ የደነዘ መርፌን አለመደጋገም ልዩነት ያመጣል።

ሦስተኛው ስለ ጥንቃቄ ነው። ጉብታው የተገኘበትን ታካሚ «ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ቦታ ውጋ» ብሎ ማሰናበት አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጡት ዓለም አቀፍ የኢንሱሊን አወጋግ ምክሮች እንደሚያመለክቱት፣ ወደ ጤናማ ቦታ ሲዛወር መጠኑ በባለሙያ ክትትል መቀነስ ይኖርበታል፤ ቅናሹም ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ ይበልጣል። የስኳር ልኬት በተደጋጋሚ ሊደረግ ይገባል፤ ታካሚውም ስኳሩ ሲወርድ የሚሰማውን ምልክት አውቆ ጣፋጭ ነገር በኪሱ መያዝ አለበት። ጉብታው በበኩሉ ካልተነካ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። የስቡ መውጫ እንደገና ይከፈታልና።

አራተኛው ለእኛ ለተመራማሪዎች ነው። የኢንሱሊንን ሰንሰለት በሞለኪውል ደረጃ ለማጥናት የሚያስፈልገው ላቦራቶሪ ውድ ነው። ጉብታን ለማጥናት ግን የሠለጠነ እጅ፣ የመለኪያ ክርና ጥንቃቄ የተሞላበት መዝገብ ይበቃሉ፤ አልትራሳውንድ ባለበት ደግሞ ዳሰሳውን ማረጋገጥ ይቻላል። በምሥራቅ ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ያሉ ተከታታይ ሕሙማን ምን ያህሉ ጉብታ እንዳላቸው፣ ቀጫጫ ሕሙማን ከሌሎቹ ይለዩ እንደሆነ፣ አጭር ትምህርት ከተሰጠ በኋላ የኢንሱሊን መጠናቸው ምን ያህል እንደሚቀንስ መጠየቅ ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚመጥን ጥያቄ ነው። ውጤቱም ከመደርደሪያ ይልቅ በመታከሚያ ክፍል ጥቅም ላይ የሚውል ይሆናል።

ማጠቃለያ

ኢንሱሊን ለስብ ሕዋስ ግሉኮስንና የቅባት አሲድን ያስገባል፣ ከሁለቱም ትራይግሊሰራይድን ያስገነባል፣ የተገነባውም እንዳይፈርስ መውጫውን ይዘጋል። በጤናማ አካል ይህ ሥራ በምግብና በጾም፣ በቀንና በሌሊት ተፈራርቆ ሚዛኑን ይጠብቃል። ኢንሱሊን በመርፌ አንድ ስፍራ ላይ ያለማቋረጥ ሲሰጥ ግን ሚዛኑ በዚያ ስፍራ ይዛባል፤ ጉብታውም ይወለዳል። ስለዚህ የስኳሩ መጠን ያለምክንያት የሚዋዥቅ ታካሚ ሲመጣ፣ ከመውቀስና መጠን ከመጨመር በፊት መርፌው የሚያርፍበትን ቦታ ማየትና መዳሰስ ከባዮኬሚስትሪው በቀጥታ የሚመነጭ የሕክምና ግዴታ ነው።